ተለዋዋጭ ያልኩት ሐሙስ

በሬዲዮ «በአካባቢው ያለው ሁኔታ ተለዋዋጭ ነው» ሲባል ስሰማ ጆሮዬ ይግላል። አንድ ምሽት ሚስቴ አየችኝና «ምነው ፊትህ ቲማቲም መሰለ?» አለችኝ። ሾርባው አቃጠለኝ አልኳት። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ዜና አንባቢዋ ሌላ አገር ስላለ ሌላ ነገር ነበር የምታወራው፤ እኔ ግን የራሴን ወንጀል በአደባባይ ያነበበችብኝ መሰለኝ። ለንስሐ አባቴ ልናገረው ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጾም አውርተን ተመለስኩ። «አባ፣ አንድ ቃል ጻፍኩ» ብላቸው ምን ይሉኛል? ቃሏ ስድብ አይደለችም፣ እርግማን አይደለችም። የቢሮ ቃል ናት። ስለዚህ ለእሳቸው ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

በማስተር ፕላኑ ጊዜ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ የትራንስፖርት ስምሪት ሠራተኛ ነበርኩ። ስምሪት ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ሦስት የሠራተኛ ሰርቪሶች አሉን፤ አንዱ ከቡራዩ፣ አንዱ ከሱሉልታ፣ አንዱ ደግሞ ከሰበታ ማዶ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ሰው እየለቀመ ይመጣል። የትኛው ሾፌር የትኛውን መኪና እንደሚይዝ መመደብ፣ ናፍጣ ማስቀዳት፣ ያረፈደውን መመዝገብ፣ ሥራዬ ይኸው ነበር። የምኖረው ቡራዩ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ወላጆቼ ከሰሜን መጥተው እዚያው ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እኔ ቡራዩ ተወልጄ ቡራዩ ነው ያደግኩት። ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ሰላምታና ዋጋ አይቸግረኝም፣ ከዚያ ወዲያ እጄን እያወናጨፍኩ ነው።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ይዛ ትሰፋለች ተባለ። ለቢሮ ሰው ባለ ቀለም ካርታ ነበር፤ ለገበሬው ግን የሚያርሰው መሬቱ ነው። መጀመሪያ ተማሪዎች ወጡ፣ ቀጥሎ አባቶቻቸው ወጡ፣ መንገድ በድንጋይ መዘጋት ጀመረ። ጠዋት ያለፍክበት መንገድ ለምሳ አይመልስህም። አንድ ሰኞ የሱሉልታው ሰርቪስ ሰው እንደጫነ ግማሽ ቀን መሀል መንገድ ቆሞ ዋለ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ሰው ነበር። ቅጽ ሰጠኝ። በየቀኑ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሦስቱም መስመሮች አንዳንድ ቃል እንድሞላ ነው። ቃሎቹን እሱ መርጧቸዋል፤ ስቴብል፣ ቴንስ፣ ቮላታይል። ስቴብል ካልኩ ሰርቪሱ ይወጣል። ቴንስ ካልኩ ሾፌሩ እያየ፣ እየጠየቀ ይወጣል። ቮላታይል ካልኩ ማንም ከቤቱ አይነቃነቅም። ከጎኑ አማርኛውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ቅጂው ለአስተዳደር ክፍልና ለከተማው የጸጥታ ሰዎች ይሄዳልና። «የተረጋጋ»፣ «ውጥረት ያለበት»፣ «ተለዋዋጭ» ብዬ ተረጎምኩ። በትርጉሜም ኮራሁ።

ቃሏን ከትምህርት ቤት ነው የማውቃት። የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ጥጥ አሴቶን ውስጥ እየነከረ የእያንዳንዳችንን የእጅ ጀርባ ነካ ነካ እያደረገ ያልፍ ነበር። ይቀዘቅዛል፣ ወዲያው ደግሞ የለም። «ቮላታይል ማለት ይኼ ነው፤ ሳታዩት ይተናል» አለን። ኮሌጅ ስገባ የገበያ ቃል ሆና አገኘኋት። ሽንኩርት ዛሬ ተወዶ በሳምንቱ ሲረክስ ዋጋው ቮላታይል ነው ተባልን። አሴቶንም ሽንኩርትም እንዲህ በመባላቸው ቅር አይላቸውም። ለሰው ስትውል ግን አንድ ነገር ትሸሽጋለች፤ ማን እንደተቆጣ፣ በምን እንደተቆጣ አትናገርም። «ገበሬው መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ተቆጥቷል» ብለህ ብትጽፍ የት ሰማህ፣ አንተስ ምን ትላለህ የሚል ይመጣብሃል። «ሁኔታው ተለዋዋጭ ነው» ብትል ግን ስለ ዝናብ ያወራህ ነው የሚመስለው። ያኔ ይኼ አልገባኝም ነበር ብል እዋሻለሁ። ገብቶኝ ነበር። የወደድኳትም ለዚሁ ነው።

የቡራዩንና የሱሉልታን መንገድ ሾፌሮቹ ይነግሩኛል፤ እዚያው ነው የሚያድሩት። የሰበታ ማዶው ሾፌር ግን የሚያድረው ፋብሪካው ግቢ ስለሆነ ከፊቱ ያለውን አያውቅም። በዚያ መስመር ከሚሳፈሩት አንዷ፣ ማሸጊያ ክፍል የምትሠራ ወጣት፣ ችግሬን ሰምታ ቢሮዬ መጣች። «አባቴን ለምን አይጠይቋቸውም? ቤታችን መታጠፊያው ላይ ነው፣ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ። ከደጅ ሆነው ሁሉንም ያዩታል» አለችኝ። ስልካቸውን በቁራጭ ወረቀት ጻፈችልኝ።

ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም። አንዴ ጽፌው የሆነውን ታያላችሁ። ኦቦ ብቻ እላቸዋለሁ፣ አቶ እንደማለት ነው፤ ያኔም የምጠራቸው እንዲሁ ነበር። ስድሳን ያለፉ፣ ጤፍና ጓያ የሚዘሩ፣ ሁለት በሬ ያላቸው ገበሬ ናቸው። ከመሬታቸው ሜዳ ሜዳው በአንድ የባለሀብት አጥር ውስጥ ገብቶ ተዳፋቱ ነው የቀረላቸው። ለእኔ መንገድ የሚያዩልኝ ለክፍያ አልነበረም። ሰርቪሱ ውስጥ ልጃቸው አለች።

የመጀመሪያ ቀን ደወልኩላቸው።

«ኦቦ፣ መንገዱ እንዴት ነው?»

«አከም ቡልተ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ። እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ደህና ነኝ። መንገዱስ?»

«ነጋ? ቤቱ ነጋ? እናትህስ ነጋ?»

ነጋ ማለት ሰላም ማለት ነው። «ሰላም ናት፣ ነጋ ነው ኦቦ።»

«ከብቱስ?»

ከብት የለኝም። ቡራዩ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነፍስ ያለን እኔና አንዲት ድመት ነን። «ከብቱም ነጋ ነው» አልኳቸው።

ዝናቡን ጠየቁኝ፣ ጎረቤቱን ጠየቁኝ፣ ሁሉንም ሰላም ነው አልኩ፤ እኔም በተራዬ እንድጠይቅ ጠበቁኝ፤ ጠየቅኩ። ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው «እንግዲህ መንገዱ...» ብለው የሚጀምሩት። ሲጀምሩ ግን እንደሳቸው የሚነግር አልነበረም። ትናንት የተደረደረው ድንጋይ ተነስቷል፣ ሰው ገበያ እየወረደ ነው፣ ወታደሮቹ ድልድዩ ጋ ናቸው፣ ሰርቪሱ ከአንድ ሰዓት በፊት ይለፍ። የማንንም ስም አያነሱም። ሰዉ እንዴት ነው ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ሰዉ አዝኗል» ይላሉ። እኔ ያቺን አንስቼ «ውጥረት ያለበት» ብዬ እጽፋለሁ።

አንድ ጠዋት፣ ፋብሪካው ግቢ አድሬ፣ ሰዓት አልቆብኝ፣ የሰበታ ማዶው ሾፌር ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ፣ ትዕግሥቴ አለቀ። «ኦቦ፣ ዛሬ መጀመሪያ መንገዱን ይንገሩኝ፤ ሰላምታው ይደርሳል» አልኳቸው።

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ግን እንደ ልጅ አባት ነው የተናገሩኝ። «ስማ ልጄ። ሰላም ሳንባባል የምነግርህ ነገር ወሬ ነው። ሰላም ከተባባልን በኋላ የምነግርህ ግን ምክር ነው። ወሬ የሚያቀብል ሰው ሌላ ነው። እኔ እሱ አይደለሁም።»

«ልክ ነዎት ኦቦ» አልኩና ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ለሾፌሩ ዓይኔን ጠቀስኩለት። የሽማግሌ ነገር ማለቴ ነው። ሁለታችንም ሳቅን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ በቅጹ ላይ አንድ ሳጥን ጨመረ፤ «ምንጭ» የሚል። «የአካባቢው ነዋሪ» ብዬ ሞላሁት። በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ፣ ጥያቄ ምልክት ተደርጎበት ተመለሰልኝ። ተማሪ ሳለሁም ቀይ እስክሪብቶ አልወድም። በማግስቱ የኦቦን ስም ከነአባታቸው፣ ቀበሌያቸውን፣ ስልካቸውን ጭምር አሳምሬ ጻፍኩ። ቅጂው የት የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ፖስታው ላይ አድራሻውን የምጽፈው እኔው ነኝ። ሥራ አስኪያጁ «ቬሪ ጉድ» አለኝ። ለዚያች ቬሪ ጉድ ነው እንግዲህ። ከዚያ ወዲያ ስማቸውን በየቀኑ ጻፍኩት። አንድም ቀን «ኦቦ፣ ስምዎን እየጻፍኩ ነው» አላልኳቸውም።

ኅዳር ላይ አንድ አመሻሽ፣ ሰርቪስ ላይ ሆኜ ወደ ቤት ስመለስ፣ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ናቸው። እሳቸው ደውለውልኝ አያውቁም ነበር።

«አከም ኦልተ፣ ኢልማ ኮ? ነጋ?»

ድምፃቸው ልክ አልነበረም። ከኋላቸው ሴቶች ያለቅሳሉ። እንዲያም ሆኖ ቤቱን ጠየቁ፣ እናቴን ጠየቁ፣ የሌለኝን ከብት ጠየቁ። እኔ «እሺ፣ እሺ፣ ምን ተፈጠረ?» እያልኩ ቸኮልኩባቸው።

«ሩቅ ሄዶ ይማር የነበረ የጎረቤቴ ልጅ ሞቶ መጣ» አሉ። «ነገ ይቀበራል። ሰዉ ከቀብር ሲመለስ ወደ ቤቱ አይገባም፤ አስፋልቱ ላይ ይቀመጣል። ማንም አልነገረኝም፤ አይቼ ነው የማውቀው። ሰርቪሱን አትላክ። የኔም ልጅ የሌላውም ልጅ መሀል እንዳይገኙ።»

«ገለቶማ፣ ኦቦ» ብዬ አመሰገንኳቸው። ቤቴ እንደገባሁ የነገውን ቅጽ ሞልቼ በኢሜይል ላክሁ። «መስመር ሦስት፦ ነገ ተለዋዋጭ። ከቀብር በኋላ መንገዱ ይዘጋል።» ምንጭ በሚለው ሳጥን ስማቸውን ሞላሁ። የሞተ ልጅ እንዳለ አልጻፍኩም፤ ለእሱ የተዘጋጀ ሳጥን አልነበረም።

እንዳሉት ሆነ። መንገዱ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ የአንድ የጭነት መኪና መስተዋት ረገፈ፣ ወታደር መጣ፣ ተተኮሰ። የእኛን ሰርቪስ ግን ጠጠር አልነካውም። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ በሁሉ ፊት አመሰገነኝና ተጨበጨበልኝ። ማሸጊያ ክፍል ያለችው የኦቦ ልጅም አጨበጨበች። ወደ እኔ አይታ ፈገግ እንዳለች አስታውሳለሁ። አባቷ ባደረጉት እኔ ስመሰገን ደስ ብሏት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኦቦን ጤፍ ሲያጭዱ ከማሳቸው ወሰዷቸው።

ልጃቸው በማግስቱ ቢሮዬ መጣች። አላለቀሰችም። ከደረጃው ሥር ሮጣ የወጣች ይመስል ትንፋሿ ይቆራረጣል። «አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቋቸው» አለችኝ። «መንገዱ እንደሚዘጋ ከአንድ ቀን በፊት እንዴት አወቅህ ነው የሚሏቸው። ያስዘጋኸው አንተ ነህ ነው የሚሏቸው። ስማቸው ያለበትን ወረቀት እያሳዩ።»

ወረቀቱን ማን ጻፈው ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ ያሉት አንድ ነው። የሰርቪሱ ልጅ በየጠዋቱ ይጠይቀኛል፣ እመልስለታለሁ፤ እሱን ጠይቁት ብለዋል። መርማሪው ሐሙስ አራት ሰዓት መጥቶ ቃሉን ይስጥ አለ። እርስዎ መጥተው ያንኑ ቢሉልን... ሌላ ምንም አይደለም። የምጠይቃቸው እኔ ነኝ ቢሉልን።»

«እመጣለሁ» አልኩ።

«ሐሙስ፣ አራት ሰዓት።»

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

ስነግራት ከልቤ ነበር። መሄድ ፈልጌ ነበር፤ ይኼንን ለራሴ ጥብቅና ብዬ አይደለም የምናገረው። ግን ረቡዕ ላይ የአስተዳደር ኃላፊውን አማከርኩት። የኃላፊው መልስ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ነበር። እዚያ ገብተህ በየቀኑ የምጠይቀው እኔ ነኝ ካልክ፣ ሌላስ ማንን ትጠይቃለህ ይሉሃል፤ ሌላስ ማን ይደውልልሃል ይሉሃል፤ ስምህ አንድ ጊዜ መዝገብ ከገባ ማን ያወጣዋል አለኝ። ስም መዝገብ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ፈራሁ። ብዙ ምክንያት አስቤ ነበር፤ የእናቴን ደም ብዛት፣ የትውልድ ሐረጌን፣ ግራ ቀኙን ሁሉ። ዛሬ ሳየው ምክንያቶቹ ሁሉ ተራግፈው ፍርሃቱ ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ሐሙስ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሳሁ። የቡራዩ ሾፌር «ሰላም ነው» አለኝ። የሱሉልታው «ጭጋግ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም» አለኝ። ለሦስተኛው መስመር ስልኬን ካነሳሁ በኋላ የምደውልለት ሰው እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። የምደውልለት ሰው ታስሯል። በዚያ መንገድ የሚመላለስ አንድ የማውቀው የሚኒባስ ሾፌር ጋ ደወልኩ። «ወለል ብሏል አባቴ! ዓይንህን ጨፍነህ ትነዳለህ» አለኝ።

ቅጹ ፊቴ ነው። ሰርቪሱ ከወጣ ፋብሪካ እደርሳለሁ፤ ፋብሪካ ከደረስኩ ኦቦ የታሰሩበት ፖሊስ ጣቢያ ሩቅ አይደለም፤ አራት ሰዓት ሲሆን እንዳልሄድ የሚይዘኝ ምንም ነገር አይኖርም። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ድመቷ መጥታ እግሬ ሥር ተኛች። ከዚያ ለቡራዩ ተለዋዋጭ፣ ለሱሉልታ ተለዋዋጭ፣ ለሰበታ ተለዋዋጭ ብዬ ሞላሁ። ምንጭ በሚለው ላይ «የአካባቢው ነዋሪ» አልኩ። ያን ቀን በቀይ የከበበብኝ አልነበረም።

ሦስቱም ሰርቪሶች ቆሙ። የጠዋት ፈረቃ ሠራተኛ ሁሉ ቤቱ ቀረ። አንድ ፋብሪካ ሙሉ ሰው ያስቀረሁት እኔ አንድ ጣቢያ እንዳልገባ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለልጃቸው ደወልኩ። አንድ ጊዜ እንደጠራ አነሳችው።

«ደረሱ?» አለችኝ።

«መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ» አልኳት። «ሰርቪሱም አልወጣም። ሁኔታው ተለዋዋጭ ነው።»

ለእሷም እንደዚያው አልኳት። በቅጹ ቋንቋ።

እሷ ዝም ስትል ከጀርባዋ ያለው ሁሉ ጎልቶ ተሰማኝ። ከጣቢያው በር፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው የቆመችው። የአይሱዙ ጡሩምባ ተሰማኝ። የታክሲ በር ሲከፈት ተሰማኝ። ረዳቱ «ዓለም ገና! ዓለም ገና! አየር ጤና የሞላ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ሌላ ታክሲ ደረሰ፣ ሌላ ረዳት ይጣራል። እሷም እኔ እንደምሰማ ታውቃለች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «እግዜር ይስጥልኝ።» ዘጋችው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ቀኑን ሙሉ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ከሰዓት በኋላ ልሂድ፣ ነገ ልሂድ፣ ደብዳቤ ልጻፍ ስል ዋልኩ። ዓርብ መስመሩን ሁሉ የተረጋጋ ብዬ ሞላሁ፤ ሰርቪሶቹ ወጡ፤ እኔም ሥራ ገባሁ። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ መታጠፊያው ላይ ቆማ አልተገኘችም።

ገና አለፈ። ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረ። ጥምቀትም አለፈ፤ ኦቦ ግን ገና አልወጡም ነበር። የቤታቸውን ወሬ ከዚያ መስመር ሾፌር እሰማለሁ። በዚያ አገር ጤፍ ሲደርስ ጎረቤት በደቦ ይወጣል፤ የአንዱን አጭደው ወደ አንዱ ያልፋሉ፣ የታሰረ ወይም የታመመ ካለ ደግሞ የእሱን ያስቀድማሉ። ለኦቦ ማሳ ግን ማንም አልወጣም። ስማቸው የፋብሪካው ወረቀት ላይ መኖሩ መንደሩም ደርሶት ነበር። ለፋብሪካው ወሬ ሲያቀብሉ ነበር ተባለ። ጣቢያው መንገድ አስዘጊ ናቸው ብሎ ያዛቸው፣ መንደሩ ጠቋሚ ናቸው ብሎ ተዋቸው። ሚስታቸውና ልጃቸው ሁለቱ ብቻቸውን ማጭድ ይዘው ገቡ፤ ሳይደርሱበት የቀረው ረገፈ። ሾፌሩ ይኼንን ሲነግረኝ መሪውን እያየ ነበር፤ ያን ጊዜ ዓይኔን የጠቀስኩለት ሾፌር ነው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ተፈቱ። እኔ እስክሄድ ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። አንድ እሑድ ስኳርና ብርቱካን ይዤ በታክሲ መታጠፊያው ላይ ወረድኩ፤ አቀበቷን ወጣሁ። ከቤታቸው ደጅ ግንድ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። በአካል አግኝቻቸው አላውቅም ነበር፤ ስልክ ላይ ግዙፍ ነበሩ። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቶ ሲንጠለጠል ሳይ ማን እንደሆንኩ መናገር አቃተኝ። ድምፄን ሲሰሙ ግን ወዲያው አወቁኝ፤ ሊነሱ ሞከሩ።

«የሰርቪሱ ልጅ! አከም ቡልተ፣ ኢልማ ኮ? ነጋ?»

«ነጋ ነው ኦቦ። እርስዎስ?»

«ነጋ። እናትህ ነጋ? ቤቱ ነጋ? ከብቱስ?»

ሁሉም ነጋ ነው አልኩ። እኔም ጠየቅኋቸው፤ በሬዎቹን፣ ዝናቡን፣ ጎረቤቱን። ስለ ጎረቤቱ ስጠይቃቸው ሳይዘገዩ «ነጋ» አሉኝ። ያን ያህል ጊዜ እንዲያጥር የምመኘው ሰላምታ ያን ቀን እንዳያልቅ ተመኘሁ። ካለቀ በኋላ ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። ግን አለቀ። ልጃቸው በማሰሮ የእጅ ውሃ ይዛ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ያን ሐሙስ» አሉ ኦቦ፣ «መንገዱ ተዘግቶ ነበር አሉ። ልጄ ነግራኛለች። እኔ እዚያ ውስጥ ሆኜ ምን አስብ እንደነበር ታውቃለህ? ይኼ ልጅ ቃል ሰጥቻለሁ ብሎ በዚያ መሀል ይመጣና ድንጋይ ይመታዋል፣ ጥይት ይመታዋል እያልኩ ነበር። እንኳን ቀረህ።»

ቀና ብዬ ልጅቷን አየኋት። እሷም አየችኝ። ማሰሮውን አላነቃነቀችውም።

አይ ኦቦ፣ መንገዱ ክፍት ነበር ማለት ነው የሚጠበቅብኝ። ለዚህ ነበር እኮ ከቡራዩ የመጣሁት። ታክሲ ውስጥ ስለማመደው ነበር፤ ስምዎን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የቀረሁትም ፈርቼ ነው፣ ለመንደሩ ሽማግሌዎችም ቆሜ እናገራለሁ ልል ነበር። ፀሐዩ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። ኦቦ ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል።

«አዎ ኦቦ» አልኳቸው። «ተዘግቶ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉኝ፤ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። «ክፍት ቢሆን ትመጣ ነበር።»

እጄን ታጠብኩ፣ የቀረበልኝን በላሁ። እንዴት እንደበላሁ አላውቅም። ስነሳ ልጅቷ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ፤ አባቷ ሸኚው ስላሏት ነው። መንገዱ ዳር ስንደርስ ቆመች። እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ ነበር የምትለኝ።

«የዋሸሁት ላንተ ብዬ አይደለም» አለችኝ። «አባዬን ጎረቤቱ ሁሉ ከድቷቸዋል። ያልከዳኝ አንድ ሰው አለ የሚሉት አንተን ነው። እሱንም እንዳያጡ ብዬ ነው።»

ወደ ኋላ ሳታይ አቀበቷን ተመለሰች። ከታች ታክሲ እየመጣ ነበር፤ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ዓለም ገና! ዓለም ገና!» ይላል። እጄን አነሳሁ፣ ቆመልኝ፣ ገባሁ። እስከ ቡራዩ ድረስ ማንም አላስቆመንም።